አያቴ ጣይቱ ነበረች፤ ልጄስ ጣይቱ ትባል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ አማካሪያችን። 32 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሴት እንደሆነች ነግረውናል።

እኔን ያሳደገችኝ የእናቴ እናት ናት። እናቴ ለሥራ ዓረብ አገር ስትሄድ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ደብረ ታቦር እምዬ እጅ ላይ አደግኩ። አገሬው ሁሉ «እማማ ጣይቱ» ነበር የሚላት። ዓምና ስታርፍ ወረቀቴ ስላላለቀ ሄጄ አልቀበርኳትም። ለቅሶ የተቀመጥኩት እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ሴት ልጅ ከወለድኩ ጣይቱ እላታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ባለቤቴ አዳማ ተወልዶ ያደገ ነው፤ የአባቱ ወገኖች የአርሲ ሰዎች ናቸው። ስሙን ስነግረው መጀመሪያ «የአሮጊት ስም!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ «ፈረንጅ አስተማሪ እንዴት ብሎ ይጠራዋል?» አለኝ። አጥብቄ ስይዘው ደግሞ «አባቴ ሲሰማ ምን ይላል?» አለና ዝም አለ። ነገሩ ስለ እቴጌዪቱና ስለ ምኒልክ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ስለ አያቴ እያወራሁ እሱ ስለ ታሪክ ማሰቡ አናደደኝ። «የኔ አያት ማንን በደለች?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ስም አንስተን አናውቅም።

እናቴ እንኳ ደስ ይላታል ብዬ ስደውልላት «በገዛ እናቴ ስም ልጅ ልቆጣ ነው? ደግሞስ የጻድቅ የሰማዕት ስም ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ የአሜሪካን የስም ዝርዝር ፈልጋ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ብላ ላከችልኝ።

ስሙ በእርግጥ ምን ማለት ነው? ዛሬ የሚያወጣው ሰው አለ? ልተወው ወይስ ልጽና?

የእምዬ ልጅ

መልስ፦

እህቴ፣ የእምዬን ነፍስ ይማርልሽ፤ አንቺንም ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ስሙ፣ ሐዘንሽና ባለቤትሽ አንድ ላይ ተጠቅልለዋል። ከሦስቱ የሚቀለው ስሙ ስለሆነ ከሱ ልነሣ።

ጣይቱ ማለት ፀሐይቱ ነው፤ በዛሬ የአዲስ አበባ አነጋገር «ፀሐይዋ» እንደማለት። ፀሐይ በሕዝቡ አፍ ሲነገር «ፀ» ወደ «ጠ» ይዞራል፤ ጾምን ጦም፣ ጸሎትን ጠሎት፣ ጸጉርን ጠጉር፣ ጸበልን ጠበል እንደምንለው ማለት ነው። መካከል ላይ ያለው «ሐ» ደግሞ ይዋጣል። እንዲህ እንዲህ ብሎ ፀሐይ ጣይ ሆነ። እምዬም «ጣይ ሳይበረታ ድረሽ» ወይም «እህሉን ጣይ ላይ አስጪው» ስትል ሳትሰሚ አትቀሪም። መጨረሻ ላይ ያለችው «ቱ» ሴቲቱ፣ ንግሥቲቱ፣ ልጂቱ በሚሉት ላይ የምትመጣዋ ናት፤ ያቺው የታወቀችዋ፣ አንዷ እንደማለት። ዘውዲቱም በዚሁ መንገድ ከዘውድ የወጣ ስም ነው። በትግርኛ ደግሞ «ፀ» እንዳለ ቆይቶ ፀሃይቱ ይባላል፤ የኤርትራዋን ድምፃዊት ፀሃይቱ በራኺን አስቢ።

ባለቤትሽ «የአሮጊት ስም» ሲል ጆሮው አልዋሸውም። ትርጉሙ ግን አላረጀም፤ ያረጀው አነጋገሩ ነው። ከተማው «ጣይ» ማለቱን ትቶ «ፀሐይ» ይላል፤ «ልጂቱ»ን ትቶ «ልጅቷ» ይላል። ስሙ ሁለቱን የቆዩ ነገሮች በአንድ ቃል ይዞ ስለቀረ ከአያቶቻችን አፍ የወጣ ያህል ይሰማል። በዚያ ላይ የስም ወግ ራሱ ተለዋወጠ። የእናቶቻችን ዘመን ዓለምፀሐይ፣ የሺመቤት፣ ብርሃነሽ ሲል ቆየ፤ የዛሬ ከተሜ ደግሞ ሶልያናንና ኤልዳናን ወደደ። ጣይቱ ሁለት ማዕበል አልፎታል ማለት ነው። ግን እንዲህ የተዘለሉ ስሞች አንድ ጥቅም አላቸው፤ የእናት እኩዮች ስም ሲሆን የቆየ ይመስላል፣ የቅድመ አያት ስም ሲሆን እንደገና አዲስ ይሆናል። በኔ ግምት ባለቤትሽ ይህችን የመጀመሪያ ምክንያቱን ከሦስቱ በቀላሉ የሚለቃት ናት።

ታዋቂነቱስ ካልሽኝ፣ ነገሩ ትንሽ ግራ ያጋባል። ስሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በዚህ ስም የሚጠራ ሕፃን ግን እምብዛም አይገኝም። ሰው ስሙን የሚያውቀው ከእቴጌዪቱ፣ ከፒያሳው ሆቴል፣ እናንተም ሰፈር አካባቢ ከሆነ ከጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል ነው። ስለዚህ ልጅሽ ሐበሻ መካከል ስሟን በተናገረች ቁጥር «እንዴት ይጻፋል?» የሚላት አይኖርም፤ «እንደ እቴጌዪቱ?» የሚላት ግን አይጠፋም። አዲስ አበባ ለክረምት ብትሄድ ደግሞ የአክስት ልጆች «ሆቴሏ መጣች» ሳይሏት አይቀሩም። ይህ ከባድ ነገር አይደለም፤ ብቻ አስቀድሞ ማወቁ ጥሩ ነው።

የጓደኛሽን ነገር ግን እርሺው። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ በየዓመቱ የሚያወጣው ዝርዝር በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ቢያንስ ለ5 ሴት ወይም ለ5 ወንድ ሕፃናት የተሰጡ ስሞችን ብቻ ነው የሚይዘው። ከ5 በታች ከሆነ ማንነት እንዳይታወቅ ተብሎ ይተዋል። ብዙ ሰው የሚፈልግበት ገጽ ደግሞ ከዚያም አጥሮ የመጀመሪያዎቹን 1000 ስሞች ብቻ ያሳያል። በዚያ ላይ የሚቆጠረው በአጻጻፍ ነው፤ አንድ ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ከተጻፈ እንደ ሦስት ስም ይቆጠራል። የኛ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ እንዴት እንደሚበታተኑ ታውቂያለሽ። ስለዚህ «ዝርዝሩ ላይ የለም» ማለትና «የሚጠራበት የለም» ማለት ለየቅል ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። «የኔ አያት ማንን በደለች?» ያልሽው እውነት ነው፤ እምዬ ማንንም አልበደለችም። ባለቤትሽም ግን እምዬን አላነሣትም። ጣይቱ የሚለውን ስም ሲሰማ የሚመጣበት ሰው ሌላ ነው፤ እሷን ደግሞ በአንድ ዓይን የሚያይ አገር የለንም። እቴጌ ጣይቱ በ1888 አድዋ የዘመቱ፣ የመቀሌው ምሽግ የውሃ ምንጭ እንዲያዝ የመከሩ ናቸው፤ ለብዙዎቻችን ኩራት ናቸው። በ1879 ፍል ውሃው አጠገብ አዲስ አበባን የቆረቆሩና ስሟንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ ያው ቦታ ለሌላው ፊንፊኔ ነው። በአርሲ ላይ የተካሄደው የምኒልክ ዘመቻም የ1870ዎቹ ነገር ነው። ያንን ዘመን ከአባቱ አፍ እየሰማ ያደገ ሰው ስሙ ላይ ትንሽ ቢቆም አይፈረድበትም። እንዲህ የምልሽ እሱ ትክክል ነው፣ አንቺ ተሳስተሻል ለማለት አይደለም። አንዱ ስም ለሁለታችሁ ሁለት ሰው ነው፤ እናንተ ግን እስካሁን የተነጋገራችሁት ስለ አንድ ሰው እንደሆነ አድርጋችሁ ነው።

ለራስሽ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። እምዬ በስሟ ሌላ፣ ለምሳሌ አትጠገብ ወይም እናኑ ብትሆን ኖሮ፣ ልጅሽን አትጠገብ ትያት ነበር? መልስሽ «አዎን፣ ያለ ምንም ጥርጥር» ከሆነ ይህንኑ ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ብዙ ነገር ያበርዳል። ነገር ግን «የእቴጌዪቱም ስም መሆኑ ደስ ይለኛል» የሚል ነገር ልብሽ ውስጥ ካገኘሽ እሱም ነውር የለውም፤ ብቻ አትደብቂው። «ስለ አያቴ ብቻ ነው» ብለሽው የካቲት 23 ላይ ልጅቱን የእቴጌ ካባ ካለበስሻት ሰውየው እንደተታለለ ይቆጥረዋል።

ሌላም ነገር አለ። ሄደሽ ሳትቀብሪያት መቅረትሽ ገና አልወጣልሽም። ስሙ የተጫነበት ከባድ ነገር ይህ ይመስለኛል። አገር ቤት ሰው ሲሞትና ልጅ ሲወለድ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኬ፣ ማስረሻ እያልን እንሰይማለን፤ የጎደለው እንዲሞላ መመኘት የቆየ ወጋችን ነው። ነገር ግን ሕፃኗ የቀረውን ቀብር ልትተካልሽ አትችልም፤ ባለቤትሽ ስሙን «አይሆንም» ሲል ደግሞ አንቺ የምትሰሚው እምዬን ለሁለተኛ ጊዜ እንደከለከለሽ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለያዪያቸው። የሙት ዓመቷ ሳያልፍ፣ ካለፈም በሚቀጥለው፣ እዚያ በምትሳለሚው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አስደርጊላት፤ ደብረ ታቦርም ገንዘብ ልከሽ ዝክሯ ይውጣ፤ ጉልበትሽ ሲፈቅድና ወረቀትሽ ሲያልቅ መቃብሯ ላይ ትቆሚያለሽ። ይህ ሲሆን የስሙን ነገር ረጋ ብለሽ ማየት ትችያለሽ።

ባለቤትሽን ስታነጋግሪው ከስሙ አትጀምሪ። «የዚያን ዕለት አባቴ ምን ይላል ስትለኝ ተናድጄ አላዳመጥኩህም፤ አሁን ንገረኝ» በይው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። ማወቅ ያለብሽ አንድ ነገር ነው፤ የከበደው አባቱን ነው ወይስ ራሱን? ብዙ ወንድ የራሱን ቅሬታ በአባቱ ስም ነው የሚናገረው። የከበደው አባቱን ብቻ ከሆነ መፍትሔው ስልክ መደወል ነው። የከበደው እሱን ከሆነ ግን አባቱ ቢፈቅዱም ነገሩ አያልቅም፤ ልጁን በጠራት ቁጥር ይቆረቁረዋል፤ አባት በልቡ የማይወደውን ስም እየጠራ እንዲያሳድግ ደግሞ አንቺም አትፈልጊም።

ወደ አማትሽ ቤት የሚደወል ከሆነ ደዋዩ እሱ ይሁን፤ አንቺ አጠገቡ ሁኚ። አባትየው ስሙን በልጃቸው አፍ ሲሰሙትና በምራታቸው አፍ ሲሰሙት አንድ አይደለም። ፈቃድ መጠየቅም ብቻውን አይበቃም፤ ድርሻ ስጧቸው። «ያሳደገቻት አያቷ ስሟ ጣይቱ ነበር፤ ዓምና አረፈች፤ መታሰቢያ እንዲሆናት ፈልገናል። እርስዎ ደግሞ የሚጠሩበትን ስም ያውጡላት» ይበላቸው። ስም አውጡ የተባለ አያት አብዛኛውን ጊዜ ከክርክር ይልቅ ወደ ማሰብ ይገባል። ምን እንደሚያወጡ አላውቅም፤ ግን እንዲያው ለማስታወስ ያህል፣ በኦሮምኛ ቢፍቱ የሚባል የሚያምር የሴት ስም አለ፤ የምትወጣ ፀሐይ፣ የንጋት ጮራ ነው። ጣይቱና ቢፍቱ አንዲቱን ፀሐይ ነው የሚጠሩት፤ ድምፃቸው ራሱ ይገጥማል። ይህን ግን አንቺ አታቅርቢ። ከእነሱ ወገን ቢመጣ ነው የሚያምረው፤ ባለቤትሽ ጆሮ ላይ ጣል ብታደርጊው ይበቃል። ደግሞ ይህ ሁሉ ከቤቢ ሻወሩ በፊት ይለቅ። ስሙ ኬክ ላይ ተጽፎ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ከዞረ በኋላ አባትን «ምን ይላሉ?» ማለት ስድብ ነው።

የእናትሽን ነገር እንይ። «በገዛ እናቴ ስም ልጅ ልቆጣ?» ያለችው ቀልድ አይምሰልሽ። እሷ የምታውቀው ጣይቱ እግር የምትስመውን ሰው ነው፤ ነገ «ጣይቱ፣ ነይ ተዪ!» ብላ መጮህ አፏ አይታዘዝላትም። ግን ይህ ችግር በወጋችን መፍትሔ አለው። አያት የልጅ ልጇን መዝገብ ላይ ባለው ስም የመጥራት ግዴታ የለባትም፤ እንዲያውም ብዙ ቤት ውስጥ አያት የራሷን ስም ታወጣለች። እናትሽ እማማዬ ትበላት፣ እምዬም ትበላት፣ የፈለገችውን። «አንቺ የምትጠሪበትን አንቺ አውጪ» በያት፤ ቅሬታዋ ግማሹ ይነሣል።

የጻድቅ የሰማዕት ስም ያለችው ደግሞ አይጎድልባትም። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ካህኑ የክርስትና ስም ያወጣላታል፤ ዕለቱ የሚውለውን በዓል ተከትሎ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ አመተ ሥላሴ ሊሆን ይችላል። የዓለም ስሟና የክርስትና ስሟ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ራሳቸው እቴጌዪቱ ጣይቱ የዓለም ስማቸው ነው፤ የክርስትናው ወለተ ሚካኤል ነበር። ምንትዋብም ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። አማቶችሽ ቤት እምነቱ ሌላ ከሆነ ይህንን አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ ደብዳቤሽ ላይ አልነገርሽኝም።

ፈረንጅ አስተማሪ እንዴት ይጠራዋል ለሚለው የባለቤትሽ ሁለተኛ ጥያቄ ትንሽ ዘርዘር ላድርግ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው ግድ የለም ብሎ ኋላ የሚቸገረው። ስሙ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ሲጻፍ ታያለሽ። አንዱ «ቲ፣ ኤ፣ አይ፣ ቲ፣ ዩ» ነው፤ የሆቴሉ አጻጻፍ ይህ ነው። ሁለተኛው በ«አይ» ፋንታ «ዋይ» ያስገባል። ሦስተኛው «ዋይ» እና «አይ» ሁለቱንም አከታትሎ ይጽፋል። በ«ዋይ» የተጻፈውን አሜሪካዊ ሲያየው እንደ ቴይለር ቆጥሮ «ቴይቱ» ይለዋል። ሁለቱንም የያዘው ሦስት ቀለም ይሆንና «ታዪቱ» ያሰኛል። በ«አይ» የተጻፈው ለኛ ድምፅ ይቀርባል፤ ታይ ቺ የሚለውን ስፖርት ያነበበ ሁሉ «ታይቱ» ማለት አያቅተውም። እንከኑ አንድ ነው፤ ቸኩሎ ላነበበው «ታቱ»፣ ማለትም ንቅሳት ይመስላል፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ አንድ ቀልደኛ አይጠፋም። «ጣ»ን በትክክል የሚጠራ ፈረንጅ ግን በየትኛውም አጻጻፍ አታገኚም፤ «ታ» ይሆናል፤ ከአሁኑ ተቀበዪው። እኔ ብጠየቅ በ«አይ» እጽፈዋለሁ። ግን ቀላል ፈተና አለ፤ ሁለታችሁም ቡና ስታዙ ስም ሲጠየቅ ጣይቱ በሉ። ኩባያው ላይ ምን ጽፈው፣ ምን ብለው እንደሚጠሩ አምስት ስድስት ጊዜ ብታዩ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል።

አጻጻፉን ከመረጣችሁ በኋላ አንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ለሆስፒታል በያዝሽው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። ቅጹ የሚመጣልሽ ከወለድሽ በኋላ፣ እንቅልፍ አጥተሽ፣ ብዙውን ጊዜ ከሆስፒታል ሳትወጪ ነው። እዚያ ላይ የሰፈረው ወደ ልደት ምስክር ወረቀቱ ይሄዳል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም በዚያው መጠየቅ ስለሚቻል ስህተቱ ካርዱ ላይም ያርፋል። ከዚያ ፓስፖርት፣ ትምህርት ቤት፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርድ) እያለ ይከተላል። አንዱ በ«አይ» ሌላው በ«ዋይ» ከሆነ «ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው» የሚል ማስረጃ ስትለምኚ ትኖሪያለሽ። ሻንጣሽ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ በአማርኛም ጻፊው፤ በ«ጣ»። አንድ ጸሐፊ ከእንግሊዝኛው ገልብጦ «ታይቱ» ካላት ፀሐይዋ ጠፋች ማለት ነው። አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡም ብትሆኑ በ«ጣ»ዋ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ምስክር ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት።

ከስሟ ቀጥሎ የሚመጣውንም ከአሁኑ ወስኑ። ሁለት መንገድ አለ። በኛ ወግ ከሄዳችሁ የመጨረሻ ስሟ የባለቤትሽ መጠሪያ ስም ይሆናል። በአሜሪካው ከሄዳችሁ ደግሞ በሱ ወረቀት ላይ የመጨረሻ ስም ተብሎ የተመዘገበው፣ የአባቱ ወይም የአያቱ ስም፣ ለሷም ይሆናል። የመጀመሪያው ወጉን ይጠብቃል፤ ግን አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ይዛችሁ ኤርፖርት ትቆማላችሁ፤ የልደት ምስክር ወረቀቷን ይዞ መጓዝ ግድ ይሆናል። ሁለተኛው ለመንገድ ይቀላል። አማትሽ ያወጡላትን ስም በመካከለኛው ስም ቦታ ማስገባት ትችላላችሁ። መካከለኛው ስም ሁለት ቃል ከሆነ ግን የአየር መንገድ ትኬት ላይ እየተጣበቀ አንድ ረጅም ቃል ይሆናል፤ አንድ ቃል ቢሆን ይሻላል። ደግሞ ከአባቷ ስም ጋር አያይዛችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። የኛ ስም ከአባት ስም ጋር ሲገጥም ዓረፍተ ነገር የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አባትየው ብርሃኑ ቢሆን «ጣይቱ ብርሃኑ» እንዴት እንደሚያምር አስቢው። የማይገጥምም አለ፤ እሱንም ጆሮ ነው የሚለየው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ባለቤትሽ አሁንም ልቡ እሺ ባይልስ? መዝገብ ላይ አታስገቢው ነው የምልሽ። እሱ ቡና ሊገዛ ወጣ ሲል ቅጹን ሞልተሽ መፈረም ትችይ ይሆናል፤ ግን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ለማውጣት የሁለት ወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፓስፖርቱም በየ5 ዓመቱ ይታደሳል፤ በየ5 ዓመቱ ያችን ቀን እያስታወሳችሁ መፈረም ይከብዳል። ያን ጊዜ የመዝገብ ስሟን አብራችሁ ሌላ ምረጡ፤ ጣይቱ መካከለኛ ስሟ ወይም የቤት ስሟ ይሁን። አንቺ ጣይዬ እያልሽ አሳድጊያት፤ እምዬም ቢሆን በመታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ጠፍቶብሽ አይደለም እምዬ ስትያት የኖርሽው።

በተቃራኒው እሺ ካለሽ ደግሞ እሺታውን ወዲያው አትዝጊው። አንድ ወር ሆድሽ ውስጥ ያለችውን ልጅ ሁለታችሁም በስሟ ጥሯት፤ ማታ ማታ «ጣይቱ ዛሬ ረገጠችሽ?» ይበል። አፉ ሳይከብደው ካለ ጨርሳችኋል። አሁንም «ሕፃኗ» እያለ ስሙን የሚዘለው ከሆነ ግን ሁለት ወር ቀርቷችኋልና ወደ ጥያቄው ተመለሱ። ስልኩን ዛሬውኑ እንዲደውል አትገፊው፤ መጀመሪያ አንቺ አዳምጪው።